የማይምል ምስክር

ሐብተ ማርያም በየማለዳው ከቁስቋም ወደ አራዳ ሲወርድ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ካለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆማል። ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳው ያወጣል፤ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ መልሶ ይከተዋል፤ ቁልቁለቱንም ይያያዘዋል። ከመስከረም 1948 ዓ.ም. ጀምሮ በዓል ወይም ሕመም ካልከለከለው በቀር ይህን ሳያደርግ የዋለበት ቀን የለም። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ይገረም ነበር። ኋላ ለመደውና ድንጋዪቱ ላይ ሰው መቆሙን እንኳ ልብ ማለት ተወ።

ልማዱን ያወረሰው ጣሊያን ነው። ሐብተ ማርያም በወረራው ዘመን የአንድ ጣሊያናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ቤት ጠራጊ ሆኖ ገባ። ከመጥረግ ወደ ፊልም ማጠብ፣ ከማጠብ ወደ ማንሣት አደገ። ጌታው ለሰው ርኅራኄ የሌለው ሰው ነበር፤ ለሥራው ግን አንድ የማይሻር ሥርዓት ነበረው። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በዚያችው ጠዋት አጥቦ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደሆነና ማጠቢያው መድኃኒት ኃይሉ እንዳልደከመ ይመረምር ነበር። «ፈተናው የሚያገለግልህ» ይለው ነበር፣ «ሁልጊዜ አንዱን ነገር፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ያነሣኸው እንደ ሆነ ነው።» ጣሊያን ከጎንደር ሲባረር ሰውዬው ከምርኮኞች ጋር ተጭኖ ሄደ። ሐብተ ማርያም ለብዙ ዓመት የሰው ተቀጣሪ ሆኖ ቆይቶ አራዳ ውስጥ የራሱን ሱቅ በከፈተ ጊዜ ሥርዓቱን ከነሰዓቱ ያዘው።

ነገር ግን ልማዱን ያጸናው የመድኃኒቱ ነገር ብቻ አይደለም። በሱቁ ውስጥ የሚያነሣው ሰው ሁሉ ራሱን ያልሆነ ሰው ነበር። ከጠዳ የሚመጣው ገበሬ የተዋሰውን ኮት ለብሶ ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል። ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሣው ተማሪ ያልደረሰበትን ሹመት በፊቱ ላይ ይሥላል። ፈንጣጣ የበላውን ጉንጭ ሐብተ ማርያም ራሱ በእርሳስ ይሞላዋል፤ የጠወለገውን ዓይን ያበራዋል። ሥራው ይህ ነው፤ እንጀራውም ይህ ነው። አምሳ አምስት ዓመት ሲሞላው በዚህ ሥራ እጅግ ደክሞት ነበር። የጠዋቷን ፎቶግራፍ የሚወድዳት ማንም ያልተዘጋጀላት ስለ ሆነች ነው። እንስራ ያዘሉ ሴቶች፣ እንጨት የተጫነ አህያ፣ ጥላውን ያጠፈ ቄስ፣ በሯን የምትከፍት ጎረቤት፣ ዝናብ ያጋደመው ሣር በዚያች ድንጋይ ፊት እንዳሉ ያልፋሉ። እያንዳንዷን የመዳፍ ግማሽ በምታህል ወረቀት አትሞ፣ በጀርባዋ ቀኑንና የዕለቱን ታቦት ጽፎ፣ በየዓመቱ ለይቶ በሳጥን ያስቀምጣት ነበር። ውሎ አድሮ ይህን እንደ በጎ ምግባር ቈጠረው። ከተማው ሁሉ ሲያስመስል እኔ ያለውን እንዳለ አያለሁ አለ። ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ማየት ብቻውን ከዕዳ ነጻ የሚያወጣ መስሎት ነበርና።

በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም.፣ ከእኩለ ቀን በፊት፣ ወይዘሮ ታየች ወደ ሱቁ መጣች። ታየች በየማለዳው በድንጋዪቱ ፊት በሯን የምትከፍተው ጎረቤት ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከቤቷ ጎን ባለው ቦታ ጌሾና ጎመን እየተከለች በመሸጥ ትኖራለች። በዚያ ሰዓት ከሱቁ ደፍ ላይ ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴው ሷሊሕ ተቀምጦ ነበር። ሷሊሕ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ሱቁን ትቶ እዚያ ይቀመጣል።

«ፎቶ ልትነሺ ነው?» አላት። «እኔ ዘንድ ሸጋ ነጠላ አለልሽ። ለብሰሽ ተነሥተሽ ትመልሺዋለሽ። የጎንደር ሙሽራ ግማሹ የተነሣው በእኔ ነጠላ ነው።»

«ሙሽርነቴን ከባሌ ጋር ቀብሬዋለሁ፣ ሷሊሕ። ለሙግት ነው የመጣሁ።» ወደ ሐብተ ማርያም ዞረች። «አያ ሐብቴ፣ ባሻ ፋንታሁንን ከስሼዋለሁ።»

ሐብተ ማርያም በእጁ የያዘውን እርሳስ አስቀመጠ። ባሻ ፋንታሁን የታየች አዋሳኝ ነው፤ ደግሞም የሐብተ ማርያም ሚስት የእናኑ ታላቅ ወንድም፣ የልጁም የክርስትና አባት ነው።

«በምን ነገር?»

«በአጥሩ። የእሱ አጥር ደረቅ እሾህ ነው፤ ክረምቱ ያበሰብሰዋል፤ በየጥቅምቱ ያድሰዋል። ማደሱስ ደግ። ግን ባደሰ ቁጥር አንድ አንድ ክንድ ወደ እኔ ይመጣል። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ዘንድሮ ጌሾዬ ከነግንዱ ከእሱ አጥር ውስጥ ገባ። ብጠይቀው፣ ‹ባልሽ የተከለው በእኔ ቦታ በእኔ ፈቃድ ነው፤ ከተጠራጠርሽ እሱን ጠይቂ› አለኝ። ከመቃብር አስነሥቼ ልጠይቀው ይሆናል።»

«ምስክር የለሽም?»

«ቍጠሪ ተብያለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ደጅ ጠናሁ። አንዱም ‹አላየሁም›፣ ሌላውም ‹አላየሁም›። ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ አንተ ወደ ደጄ ያየ ሰው የለም ማለት ነው።» ይህን ያለችው ለመንቀፍ አልነበረም። «ያቺ የወይራ ጉቶ በፊት ከእኔ ቦታ መካከል ነበረች። በፎቶግራፍህ ውስጥ ካለች ስጠኝ።»

«ፈልጌ አያለሁ» አላት።

እሷ ከወጣች በኋላ ሷሊሕ ወደ ውስጥ ዞረ። «ምን ትፈልጋለህ? ሳጥኑ ያለው ከአጠገብህ ነው።»

ሐብተ ማርያም እርሳሱን መልሶ አነሣ። ምን እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር። ያወቀው ደግሞ ዛሬ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ የአምስቱን ዓመት የጥቅምት ፎቶግራፎች ከጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደራቸው። የፈለገው የጥቅምት ብርሃን ከዓመት ዓመት ይለያይ እንደሆነ ለማየት ነበር። ብርሃኑ አልተለወጠም። የተለወጠው አጥሩ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጉቶው ከታየች ጎመን መካከል ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ በሁለተኛው እሾሁ ቀረብ ብሎታል፤ በአምስተኛው እሾሁ ሊነካው አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል። ሐብተ ማርያም ወረቀቶቹን እያገላበጠ ቀኖቹን አነበበ፤ ጽሑፉ የገዛ እጁ ነው፤ የሚያስተባብለው ነገር አልነበረም።

ለማንም አልተናገረም። በማግሥቱ ጠዋት ከድንጋዪቱ ላይ እንደ ወትሮው ቆመና ካሜራውን ጥቂት ወደ ግራ አዞረው። ጉቶውና አጥሩ ከፎቶግራፉ ወጡ፤ በምትካቸው የቁስቋም ግንብ ፍራሽ ከነዛፎቹ ገባ። ሥዕሉ ከቀድሞው ይልቅ አምሮ ወጣ። ሷሊሕ አይቶ «አሁን ገና ማንሣት ለመድህ» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ካሜራው ወደ ግራ እንደ ዞረ ቀረ። ሁልጊዜ አንዱን ነገር ከአንድ ቦታ የሚለው ሥርዓት የፈረሰው በዚያች ጠዋት ነው፤ ሐብተ ማርያም ግን መድኃኒቱን መፈተኑን ስላላቋረጠ ሥርዓቱን የጠበቀ መሰለው። መካከለኛ ሰው በደል ሲሠራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው። እጁን አያነሣም፤ ፊቱን ትንሽ ያዞራል።

አሁንም ያሰበው ትንሽ ነገር ነበር። አምስቱን የጥቅምት ፎቶግራፎች ከመስከረሟ ከመጀመሪያዪቱ ጋር በፖስታ አሸጋቸውና በቀጠሮው ዋዜማ ለታየች ሰጣት። «ወረቀቶቹ ይናገራሉ፤ እኔ አላስፈልግም» አላት። በችሎቱ ቀን ሱቁን ከወትሮው ቀድሞ ከፍቶ አንዲት ሙሽራ ሲያነሣ አረፈደ። ዕዳውን የከፈለ ሰው መስሎት ልቡ ጥቂት ቀሎት ነበር።

ከቀትር በኋላ ታየች ተመልሳ መጣች። ፖስታው በእጇ ነበር።

«አልተቀበሉትም?»

«ተመለከቱት። ሽማግሌዎቹም ዓይናቸውን አስጠግተው አዩት። ጉቶዋንም ለዩዋት። ከዚያ ባሻ ፋንታሁን ተነሥቶ ‹ጌቶቼ፣ የወረቀት ምስክር ሊቈጠርብኝ ነው ወይ? ምስክር የሆነ ይማል፤ እኔም ልጠይቀው፤ ይህች ወረቀት ትማል እንደሆነ አምጡና መስቀል አስመቷት› አላቸው። ሰዉ ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። ‹ወረቀቱ ካልማለ ያነሣው ሰው ይማል፤ ደግሞ በየቀኑ ያነሣል ካልሽ ከሃምሳ ሁለት ወዲህ ያለው የት ሄደ? እሱንም ይዞ ይቅረብ› አሉ። ለዛሬ ሳምንት ቀጥረውሃል።»

ሐብተ ማርያም ፖስታውን ተቀበላት።

«ጌሾው ያለው ከጉቶዋ ወዲህ ነው» አለች ታየች። «ይህ ወረቀት ብቻውን ቢጸናልኝ የሚመለስልኝ አምስት ክንድ ነው፤ ባዶ መሬት። ከሃምሳ ሁለት ወዲህ የሄደው፣ ጌሾው ያለበት አራት ክንድ ከቀረብኝ በምን እኖራለሁ? የቀረውን ፈልግልኝ፣ አያ ሐብቴ። አደራህን።»

በሦስተኛው ቀን ማታ ፋንታሁን ወደ ቤታቸው መጣ። እንደ ልማዱ ሳያንኳኳ ገብቶ ተቀመጠ፤ እናኑም ለወንድሟ ጠላ ቀዳች። ፋንታሁን ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም። ሐብተ ማርያም በተስቦ ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ቤቱን የመገበው እሱ ነው። ይህን ውለታ አንድም ቀን በቃሉ አንሥቶት አያውቅም፤ ሳያነሣውም ይከብድ ነበር።

«እስኪ የቀረውን ወረቀት አሳየኝ፣ አበልጄ» አለው።

ሐብተ ማርያም ያመጣውን ጥቅል አቀረበለት። ፋንታሁን ወደ ኩራዙ እያስጠጋ አንድ በአንድ አያቸው። ከሃምሳ ሁለት ወዲህ ያሉት ሁሉ ግንብና ዛፍ ነበሩ። ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ እኮ ከእሷ በፊት አይተኸኛል። አይተህ ዞር አልህልኝ። እኔ ደግሞ እንዳያየኝ እያልሁ አጥሬን የማድሰው አንተ ሱቅ ከወረድህ በኋላ ነበር። ከንቱ ድካም ነው ለካ።»

«ወዳጄ መስለኸኝ ነው» አለ ሐብተ ማርያም።

«ወዳጅህማ ነኝ። አሁንም በወዳጅነት ስማኝ። አምስቱን ክንድ ተወው፤ ወረቀቱ ይዞኛል፤ እመልሳለሁ። አራቱ ግን በምንም አልተያዘም። ካሜራውን ለምን አዞርህ ብለው ቢጠይቁህ ለግንቡ ብዬ ነው በላቸው። ሐሰት አይደለም፤ ግንቡም ይኸው አለ፤ አምሮም ወጥቷል። ማል ቢሉህ በዚህ መማል ትችላለህ።»

ሐብተ ማርያም ወደ ሚስቱ ተመለከተ። እናኑ ማድጋውን ይዛ እንደ ቆመች ነበረች።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «የምትሄድበትን አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን አንድ ወንድም ነው ያለኝ። ታየች አራት ክንድ መሬት ብታጣ ሌላ ሥራ አታጣም። እኔ በቤቴ በር የሚገባ ዘመድ ባጣ ከየት አመጣለሁ?»

«ቤቷ ነው የተቈረሰው፣ እናኑ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ሲቈረስ ቤቷ አልነበረም? ዛሬ ነው ቤት የሆነልህ?»

ይህ አነጋገር ወንድሟን ለማዳን የተነገረ ነው፤ ቢሆንም በዚያች ሳምንት ከሰማው ቃል ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነበር። ፋንታሁን ጠላውን ጨርሶ፣ ልጁን ጠይቆ፣ ደኅና እደሩ ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ ሷሊሕ ከደፉ ላይ እንደ ተቀመጠ «ጨነቀህ» አለው።

«ለግንቡ ነው ብል ሐሰት ነው?»

«ግንቡን አንሥተኸው የለም?»

«አንሥቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ሐሰት አይደለም።» ሷሊሕ ክንዱን አጥፎ አሳየው። «እኔም ጨርቅ ስለካ ክንዴን አጥፌ ብለካ፣ ክንዴ ነው ብዬ መማል እችላለሁ። የታጠፈም ቢሆን ክንዴ ነዋ። ገዢው ግን ሸሚዙ ይጠበዋል።»

«ትቀልዳለህ።»

«አልቀለድሁም። ሐጅ ዐብዱረሕማን የሚባል ጌታ ነበረኝ፤ እንዲህ ሲለካ አይቼው ዝም ብያለሁ። ልጅ ነበርሁ። ዛሬ ድረስ መልካም ሰው ነበር ሲሉት አዎን ብዬ አንገቴን እነቀንቃለሁ። የራሴን ነው የነገርሁህ፤ ያንተን አንተ ታውቃለህ።»

የቀጠሮው ዕለት ደረሰ። የአጥቢያው ዳኛ አቶ ወልደ ገብርኤል በቆርቆሮ በተሸፈነው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች በግራና በቀኛቸው አሉ። ታየች ነጠላዋን አደግድጋ በአንድ በኩል፣ ፋንታሁን በሌላ በኩል ቆመዋል። ሐብተ ማርያም ሲገባ ሁለቱንም ሳያይ አለፈ። መስቀል ቀረበለትና ሳመው፤ «ከእውነት ብወጣ የቁስቋም ማርያም ትፍረድብኝ» ብሎ ማለ።

ዳኛው ፎቶግራፎቹን ተቀበሉ፤ በየዓመታቸው ደረደሯቸው። የአምስቱን ዓመት ጉዳይ በአጭሩ ጠይቀው ጨረሱት፤ ቀኑን የጻፈው ማን ነው፣ የቆመው ከየት ነው፣ ድንጋዪቱ ተንቀሳቅሳ ታውቃለች ወይ አሉ። ሁሉንም መለሰ። ከዚያ የ1953ቱን አነሡ።

«በዚህኛው ጉቶው የለም።»

«የለም።»

«ከዚህ በኋላ ባሉትም ሁሉ የለም። ድንጋዪቱ አልተንቀሳቀሰችም ብለውኛል። ጉቶው የት ሄደ?»

ፋንታሁን ከቆመበት «ጌታዬ፣ እኔ ልጠይቀው» አለ። ዳኛውም ፈቀዱለት።

«አበልጄ፣ ግንቡ አምሮ እንዲወጣ ብለህ ካሜራህን አዞርህ። ነው አይደለም?»

ሊመልስለት የሚገባው ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። ነው ቢል ግንቡ ምስክሩ ነው። ቤቱ እንደ ነበረ ይቆያል፤ እናኑም ጠላ ትቀዳለች፤ አምስቱ ክንድ ለታየች ተመልሶላት ሁሉም ያመሰግነዋል።

«ግንቡ አምሮ ወጥቷል» አለ ሐብተ ማርያም። «ያዞርሁት ግን ለእሱ አይደለም። አጥርህን እንዳላይ ነው ያዞርሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምን አለ?» ብሎ ባልንጀራውን ጠየቀ። ዳኛው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«እንዳላይ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«በ1952 ኅዳር ወረቀቶቹን ስደረድር አጥሩ እንደሚሄድ ዐወቅሁ። በማግሥቱ ካሜራዬን አዞርሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በካሜራ አላየሁም። በዓይኔ አይቻለሁ። በየጥቅምቱ አንድ አንድ ክንድ ሄዷል። ጉቶውን በሃምሳ ሦስት ነካው፤ በሃምሳ አራት አለፈው፤ በሃምሳ አምስት ጌሾው ሥር ደረሰ፤ ዘንድሮ ጌሾውን ወደ ውስጥ አስገባው። ጌሾውን የተከለው ሟቹ ነው። ሲተክል አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ አጥሩ ከጉቶው ማዶ ነበር።»

ፋንታሁን ፊቱ አልተለወጠም። «እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አራት ዓመት እያወቀ የደበቀ ሰው ነው የሚመሰክርብኝ። ያን ጊዜ የደበቀ ዛሬ እውነት ለመናገሩ ማን ዋስ ይሆነዋል?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ሐብተ ማርያም ታየችን ያያት በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ዳኛው አልነበረም የምትመለከተው፤ ወደ ፋንታሁንም አልነበረም። ወደ እሱ ነበር። በየማለዳው በሯን ስትከፍት ሲያያት የኖረውን ፊት፣ በዚያ ዓይነት አይቶት አያውቅም።

«ዋስ የለኝም» አለ። «ደብቄአለሁ።»

ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ፍርዱን ተናገሩ። ምስክሩ ስለ ራሱ የተናገረው ነገር ለማንም ወገን ተብሎ የሚነገር ስላልሆነ ቃሉን ተቀብያለሁ፤ ባሻ ፋንታሁን ዘጠኙንም ክንድ ይልቀቅ፤ አጥሩን በስምንት ቀን ውስጥ ያንሣ አሉ። ሐብተ ማርያምን አላመሰገኑትም፤ ማመስገንም አይገባቸውም ነበር። ሲወጣ «እንግዲህ ይሂዱ» ብቻ አሉት።

ፋንታሁን ከበረንዳው ወርዶ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም አለ። «ልጅህን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ» አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታቸው በር አልገባም። እናኑ እንደ ወትሮው ራት ታቀርባለች፤ አብራው ግን አትቀመጥም። ሲጠይቃት «በልቻለሁ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳህኑን ስታነሣ፣ «ጥፋትህ ዛሬ መናገርህ አይደለም» አለችው፤ የቀረውን ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ገባች።

ፋንታሁን እሾሁን በስድስተኛው ቀን ነቅሎ ከመሬቱ ዳር ከመረው። በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሐብተ ማርያም ከመታጠፊያው ሲደርስ፣ ታየች በአሮጌው ወሰን ላይ የራሷን አጥር ልታቆም ጉድጓድ ትቈፍር ነበር። ብቻዋን ነበረች። እንጨቱን አቁማ በአንድ እጇ ስትደግፍ በሌላው አፈር ትመልሳለች፤ እንጨቱ ያጋድላል፤ እንደገና ታቆመዋለች። ሐብተ ማርያም ድንጋዪቱ ላይ ቆመ። ካሜራውን አወጣ፤ ጉቶው ወዳለበትም አዞረው።

ታየች ቀና ብላ አየችው። ደኅና አደርህ አላለችውም።

«ቆመህ ከምታይ ይህን ያዝልኝ» አለች።

ካሜራውን ወደ ቦርሳው መልሶ ቦርሳውን ከድንጋዪቱ ላይ አስቀመጠና ወረደ። እንጨቱን ያዘ። እሷ አፈሩን በእግሯ ረገጠች፤ ድንጋይ አስገብታ በመዶሻ አጠበቀች። ሁለተኛውን አቆሙ፤ ሦስተኛውንም። እጁ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም፤ ልጡ ያልተላጠው ግራር መዳፉን ቧጠጠው። እንስራ ያዘሉ ሴቶች ሲያልፉ ጤና ይስጥልኝ አሉ፤ እሷ መለሰች፤ እሱ ግን ቀና አላለም።

«ምነው ያን ጊዜ አልነገርኸኝም፣ አያ ሐብቴ?» አለች ድንገት። ድምፅዋ የተቈጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ለዳኛው የመለሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም ነበር። «ቤቴ እንዳይፈርስ ፈራሁ» አላት።

ታየች መዶሻዋን አሳረፈች።

«የእኔም ቤት እኮ ነበር» አለች። ከዚያ እጇን ወደ እንጨቱ ዘረጋች። «ቀና አድርገው። ወደ እኔ ታጋድለዋለህ።»

ቀና አደረገው። ፀሐይዋ ከግንቡ ፍራሽ በላይ ወጥታ ነበር፤ አራዳ ውስጥ ሱቆች ሁሉ ተከፍተዋል። ታየች በክንዷ ለክታ የሚቀጥለውን ጉድጓድ ቦታ በእግሯ ጫረችለት፤ ዶማውንም ሰጠችው።